ብረትና ልብ፤ የአንድ መለኪያ ታሪክ

መግቢያ

በእኛ ሙያ ብረት ሲባል በመጀመሪያ የሚታሰበው ድልድዩ፣ ሐዲዱ፣ ማሽኑና የአርማታው ፌሮ ነው። ብረት ከጥንካሬው ጋር ዝገትን ይዞ እንደሚመጣም ማናችንም አንስተውም። በሰውነታችን ውስጥ ስላለው ብረት ግን የምናስበው ጥቂት ነው። የአንድ ጤነኛ ጎልማሳ ሰውነት በጠቅላላው ከ3 እስከ 4 ግራም የሚሆን ብረት ይዟል፤ ይህም ከአንድ መካከለኛ ምስማር ክብደት አይበልጥም። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ያህል በቀይ የደም ሴሎች ባለው ሄሞግሎቢን አማካይነት ኦክሲጅን ሲያመላልስ ይውላል። ከቀረው አብዛኛው ደግሞ፣ ለክፉ ቀን በጎተራ እንደሚቀመጥ እህል፣ በጉበት፣ በጣፊያና በመቅኒ ተከማችቶ ይቆያል።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ ጎተራ ነው። በውስጡ የተከማቸው ብረት ልብን ይጎዳል ወይስ አይጎዳም የሚለው ጥያቄ ከ1981 ጀምሮ የሕክምና ጠበብትን ሲያከራክር ኖሯል። ክርክሩ የሐኪሞች ብቻ ሆኖ እንዳይቀር የሚያደርግ ምክንያት አለ። ዕድሜያቸው ከአርባ ያለፈ አያሌ ባልደረቦቻችን የደም ምርመራ ሲያደርጉ «ፌሪቲን» የሚል ቃልና ከጎኑ አንድ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይዘው ይመለሳሉ። አንዱ ቁጥሩ ከፍ ብሏል ተብሎ ይሰጋል፤ ሌላው ዝቅ ብሏል ተብሎ የብረት እንክብል ገዝቶ መዋጥ ይጀምራል። ስለዚህ ቁጥሩ ምን እንደሚለካ፣ እንዴት እንደተገኘና ምን ያህል እንደሚታመን ማወቅ ይጠቅማል። ቁጥርን ማመንና መጠርጠር የመሐንዲስ የዕለት ሥራ ነውና፣ ታሪኩን በዚሁ ዓይን እንመለከተዋለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መውጫ ቫልቭ የሌለው ማጠራቀሚያ

የዚህ ታሪክ መነሻ 1937 ነው ለማለት ይቻላል። በዚያ ዓመት በሁለት አገሮች ሁለት ቁም ነገሮች ታወቁ። በእንግሊዝ አገር ሮበርት ማካንስና ኤልሲ ዊዶውሰን የተባሉት ተመራማሪዎች ወደ ሰውነት የሚገባውንና የሚወጣውን ብረት ካመዛዘኑ በኋላ፣ ሰውነት የተረፈውን ብረት እየመረጠ የሚያስወግድበት መንገድ እንደሌለው አስታወቁ። ኩላሊት ትርፍ ጨውን እንደሚያስወጣ ሁሉ ትርፍ ብረትን የሚያስወጣ አካል የለም። ቁጥጥሩ የሚፈጸመው በመግቢያው፣ ማለትም በአንጀት ነው። በእኛ ቋንቋ ማጠራቀሚያው የመግቢያ ቫልቭ እንጂ የመውጫ ቫልቭ የለውም። ጤነኛ ሰው በቀን ከምግቡ የሚወስደው ብረት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ብቻ ነው፤ ይህንኑ የሚያህልም በሚረግፉ የቆዳና የአንጀት ሴሎች ይጠፋል። ለአዲስ ደም መሥሪያ በየቀኑ የሚያስፈልገው ከ20 እስከ 25 ሚሊ ግራም የሚሆን ብረት የሚገኘው ካረጁት ቀይ ሴሎች ተፈትቶ እንደገና ሥራ ላይ በመዋል ነው። ከዚህ ውጭ ብረት በብዛት የሚወጣበት በር አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ደም መፍሰስ ነው።

በዚያው ዓመት ቪሌም ላውፍበርገር የተባሉት የቼክ ሊቅ ከፈረስ ጣፊያ ብረት የሞላበት ፕሮቲን በክሪስታል መልክ ለይተው አወጡ፤ ስሙንም ፌሪቲን አሉት። ኋላ እንደታወቀው፣ ፌሪቲን 24 ንዑሳን ክፍሎች ተገጣጥመው የሠሩት ውስጡ ክፍት የሆነ ኳስ ነው። ስፋቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶ ሺህኛ ክፍል ጥቂት ይበልጣል፤ በውስጡም እስከ 4,500 የሚደርሱ የብረት አቶሞችን ይይዛል። ብረቱ በዚህ ኳስ ውስጥ ተቆልፎ እስከተቀመጠ ድረስ በዙሪያው ያለውን ሕዋስ አይነካም።

የመግቢያው ቫልቭ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ለማየት አገራችን ጥሩ ምስክር ሆናለች። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በኢትዮጵያ የተደረጉ የምግብ ጥናቶች፣ ጤፍ በሚዘወተርበት አካባቢ ሰው በየቀኑ የሚመገበው ብረት በሌሎች አገሮች ከተለመደው በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ ስላሳዩ የውጭ ሊቃውንትን አስገርመው ነበር። በ1963 የታተመ የስዊድን ጥናት ምክንያቱ የአፈር ቅልቅል መሆኑን ገለጸ። እህሉ በአውድማ ላይ በከብት ሲበራይ፣ ደቃቁ የጤፍ ፍሬ ብረት የበዛበትን አፈር ይዞ ይነሣል። በ1980 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናትም፣ ጤፉ በሚገባ ሲታጠብ የብረቱ መጠን ወደ ሌሎች እህሎች እንደሚጠጋ አመለከተ። አንጀት ከአፈር የመጣውን ብረት የሚቀበለው በጥቂቱ ነውና፣ ብዙ ብረት መብላት ማለት ብዙ ብረት ማከማቸት ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። ክምችቱን ለማወቅ ራሱን ክምችቱን መለካት ያስፈልጋል።

መለኪያው እንዴት ተገኘ

ይህ ልኬት ለረጅም ዘመን አስቸጋሪ ሆኖ ቆየ። አንደኛው ዘዴ ከአጥንት መቅኒ በመርፌ ወስዶ፣ ፔርልስ የተባሉት ጀርመናዊ ሐኪም በ1867 ባስተዋወቁት አሠራር ብረቱን ሰማያዊ አቅልሞ በማይክሮስኮፕ መመልከት ነበር። ሌላው ዘዴ ይበልጥ ትክክለኛ፣ ይበልጥም አድካሚ ነበር፤ ይኸውም የደም ማነስ እስኪጀምር ድረስ በየጊዜው ደም እየቀዱ የወጣውን ብረት መደመር ነው። አንድ የደም ከረጢት ከ200 እስከ 250 ሚሊ ግራም ብረት ይዞ ስለሚወጣ ሒሳቡ ይገኛል። ሆኖም ይህ የታንክን ይዘት ለማወቅ ታንኩን አራግፎ እንደመስፈር ያለ ነው።

በ1972 በዌልስ፣ በካርዲፍ ከተማ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሬዲዮአክቲቭ ምልክት የተደረገበትና ፌሪቲንን ለይቶ የሚይዝ ፀረ አካል ተጠቅመው በደም ሴረም ውስጥ የሚገኘውን እጅግ ጥቂት ፌሪቲን ለመለካት ቻሉ። በተከታዩ ዓመት ልኬቱን ደም በመቅዳት ከተገኘው ሒሳብ ጋር አስተያይተው፣ በአንድ ሊትር ሴረም ውስጥ ያለ 1 ማይክሮ ግራም ፌሪቲን በጎተራው ያለ 8 ሚሊ ግራም ያህል ብረትን እንደሚያመለክት አስታወቁ። እንግዲህ መቅኒ ሳይወጋና ደም ሳይራገፍ፣ በጥቂት ጠብታ ደም የጎተራውን ይዘት መገመት ተቻለ። የጎልማሳ ወንዶች አማካይ ከወጣት ሴቶች አማካይ በእጥፍ ገደማ በልጦ መገኘቱም ወዲያው ታወቀ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። በሴረም ውስጥ ያለው ፌሪቲን ክምችቱ ራሱ አይደለም። በታንክ ጎን እንደሚቆም የመስተዋት ቱቦ፣ በውስጥ ያለውን ከውጭ የሚያሳይ ምልክት ነው። ቱቦው የታንኩን ከፍታ የሚናገረው በመካከላቸው ሌላ ነገር ካልገባ ብቻ ነው።

የዶክተር ሱሊቫን ጥያቄ

በ1948 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ 5,209 ወንዶችና ሴቶች የሚገኙበት የልብ በሽታ ጥናት ተጀመረ። ከጥናቱ ግልጽ ሆነው ከወጡት ነገሮች አንዱ፣ ሴቶች የወር አበባ እስከሚያዩበት ዕድሜ ድረስ ልብን በሚመግቡ የደም ሥሮች መጥበብ የሚታመሙት ከወንዶች እጅግ ባነሰ ቁጥር መሆኑ ነው። የወር አበባ ሲቋረጥ ይህ ልዩነት ይጠባል። የተለመደው ማብራሪያ የሴት ሆርሞን ልብን ይጠብቃል የሚል ነበር። ይሁን እንጂ ማኅፀናቸው በቀዶ ጥገና ወጥቶ ሆርሞን የሚያመነጨው አካላቸው የተተወላቸው ሴቶችም አደጋው ጨምሮባቸው ተገኘ። ሆርሞኑ ሳይቋረጥ ጥበቃው ከተቋረጠ፣ የተቋረጠው ሌላ ነገር ምን ነበር?

አሜሪካዊው የፓቶሎጂ ሐኪም ጄሮም ሱሊቫን በሰኔ ወር 1981 በእንግሊዙ «ላንሴት» መጽሔት ባወጡት አጭር ጽሑፍ መልስ አቀረቡ፤ የተቋረጠው የደም መፍሰስ ነው አሉ። ሴት በየወሩ ከደም ጋር ብረት ታጣለች፤ ጎተራዋም ዝቅ ብሎ ይኖራል። ወንድ ግን ከጉርምስናው ማብቂያ ጀምሮ ብረት ሲያከማች ይኖራል። ሴቷም የወር አበባዋ ሲቋረጥ ማከማቸት ትጀምራለች። እንደ ዶክተር ሱሊቫን አስተሳሰብ ጥበቃ የሚሰጠው የጎተራው ባዶነት ነው።

ሐሳቡ የኬሚስትሪ መሠረት ነበረው። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሄንሪ ፌንተን በ1894 ብረትና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲገናኙ ሌላውን ንጥረ ነገር በኃይል ኦክሲዳይዝ የሚያደርግ ድብልቅ እንደሚፈጠር አሳይተው ነበር። ብረት ኤሌክትሮን በቀላሉ የሚሰጥና የሚቀበል ማዕድን ነው፤ ኦክሲጅን ለመሸከም ያበቃው ጠባይ ለዝገትም ያበቃዋል። በ1980ዎቹ ደግሞ በደም ውስጥ ያለው ኮሌስቴሮል በደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው በተለይ ኦክሲዳይዝ ሲሆን ነው የሚለው አስተሳሰብ እየጎላ ስለመጣ፣ የሱሊቫን ሐሳብ ሁለት ጫፎች የተገጣጠሙ መሰለ።

የኩኦፒዮ ጥናት

ሐሳቡ ለአሥር ዓመት ያህል ብዙ ሰሚ ሳያገኝ ቆየ። በ1992 ግን ዩካ ሳሎኔንና ባልደረቦቻቸው ከምሥራቅ ፊንላንድ፣ ከኩኦፒዮ ከተማ አካባቢ፣ የጥናታቸውን ውጤት አሳተሙ። ያ አካባቢ በልብ በሽታ ሞት ብዛት በዓለም የታወቀ ነበር። ዕድሜያቸው ከ42 እስከ 60 የሆነ 1,931 ወንዶች ለሦስት ዓመት ያህል ሲከታተሏቸው፣ 51 ሰዎች በድንገተኛ የልብ ሕመም ተመቱ። ፌሪቲናቸው በሊትር 200 ማይክሮ ግራምና ከዚያ በላይ የሆኑት፣ ከዚያ በታች ከሆኑት ይልቅ በ2.2 እጥፍ ለአደጋው የተጋለጡ ሆነው ተገኙ።

ዜናው በዓለም ጋዜጦች ተሠራጨ። መልእክቱም ለሕዝብ የሚማርክ ነበር፤ መድኃኒቱ ርካሽ፣ መሣሪያው መርፌና ከረጢት ብቻ፣ ተግባሩም ደም መለገስ ነውና።

መለኪያው ሲጠረጠር

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት የጥርጣሬ ዓመታት ሆኑ። በ1994 በአሜሪካ ሕዝብ ላይ የተደረገ ሰፊ ጥናት በብረትና በልብ ሕመም መካከል የተጠበቀውን ግንኙነት ሳያገኝ ቀረ። ይህ ጥናት የተጠቀመበት መለኪያ ግን ፌሪቲን አልነበረም፤ ብረት አጓጓዡ ፕሮቲን ትራንስፌሪን ምን ያህል እንደተሞላ የሚያሳየው መቶኛ ነበር። የሱሊቫን ደጋፊዎች «የጭነት መኪናው መሙላት የጎተራውን ይዘት አይነግርም» በሚል መንፈስ ተከራከሩ። በ1999 ጆን ዳኔሽና ፖል አፕልቢ 12 ጥናቶችን አንድ ላይ አጠናቅረው መረመሩ። ፌሪቲንን በለኩት አምስት ጥናቶች ውስጥ 570 የልብ ሕሙማን ነበሩ፤ ከ200 በላይ የሆኑት ከ200 በታች ከሆኑት ጋር ሲነጻጸሩ የአደጋው መጠን ትክክል 1.0 ሆነ፤ ልዩነት የለም ማለት ነው።

ደም ለጋሾች በልብ ሕመም እምብዛም አይያዙም የሚሉ ሪፖርቶችም ከፊንላንድና ከአሜሪካ ወጥተው ነበር። ዳሩ ግን ደም እንዲለግስ የሚፈቀድለት ቀድሞውንም ጤነኛ የሆነ ሰው ነው። በ2001 ከ38,000 በላይ አሜሪካውያን ወንዶችን የሚመለከት ጥናት፣ በሕይወት ዘመን የለገሱት ደም ብዛት ከልብ ሕመም ማነስ ጋር እንደማይያያዝ ገለጸ።

ሌላው እንቅፋት ሄሞክሮማቶሲስ ከተባለው የውርስ በሽታ መጣ። በዚህ በሽታ የመግቢያው ቫልቭ ክፍት ሆኖ ስለሚቀር ብረት በጉበትና በልብ ጡንቻ ውስጥ እየተከመረ አካልን ያበላሻል። ሕሙማኑ ልባቸው ይጎዳል፤ የሚጎዳው ግን ጡንቻው ነው። በ1994 የታተመ የአስከሬን ምርመራ ጥናት የልብ ደም ሥሮቻቸው ከሌላው ሰው የበለጠ እንዳልጠበቡ፣ እንዲያውም ያነሰ እንደሆኑ አሳየ። ብረት የደም ሥርን የሚያበላሽ ቢሆን ኖሮ በእነዚህ ሰዎች ላይ ሊጎላ በተገባው ነበር። ዶክተር ሱሊቫን ለዚህም መልስ አላጡም፤ በሄሞክሮማቶሲስ ሕሙማን አካል ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ብረት የሚያንሳቸው ያረጀ ደም የሚፈቱት ማክሮፋጅ የተባሉት ሴሎች ናቸው፤ በደም ሥር ግድግዳ ላይ ጉዳት የሚያደርሱትም እነዚሁ ናቸው ሲሉ ተከራከሩ።

ከሁሉ የከበደው ጥርጣሬ ግን በመለኪያው ላይ ያረፈው ነው። ሰውነት በኢንፌክሽን ወይም በሌላ ምክንያት ሲቆጣ፣ ጉበት ሲጎዳ፣ አልኮል ሲዘወተር፣ ውፍረት ሲበዛ፣ ጎተራው ሳይሞላ ፌሪቲን ይጨምራል። የደም ሥር መጥበብ ራሱ ከመቆጣት ጋር የተያያዘ በሽታ ነው። እንግዲህ ከፍ ያለው ፌሪቲን የበሽታው ምክንያት ነው ወይስ የበሽታው ጥላ? የቱቦው ውኃ ከፍ ያለው ታንኩ ሞልቶ ነው ወይስ ግፊት በሌላ በኩል መጥቶ? ከቱቦው ፊት ቆሞ በማንበብ ብቻ ይህን መለየት አይቻልም።

ታንኩን ራሱ ዝቅ አድርጎ ማየት

መሐንዲስ እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥመው የታንኩን ከፍታ በእጁ ለውጦ የሚሆነውን ይመለከታል። ሕክምናም ይህንኑ አደረገች። በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ውስጥ ዶክተር ሊዮ ዛካርስኪና ባልደረቦቻቸው የእግር ደም ሥሮቻቸው የጠበቡ 1,277 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። አንደኛው ወገን የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኘ፤ ሁለተኛው በየስድስት ወሩ በስሌት ደም እየተቀዳለት ፌሪቲኑ ዝቅ እንዲል ተደረገ። ውጤቱ በ2007 ታተመ። ከመጀመሪያው ወገን 148 ሰዎች፣ ደም ከተቀዳላቸው 125 ሰዎች ሞቱ፤ በመቶኛ 23 እና 20 መሆኑ ነው። ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊገኝ ከሚችለው አልፎ የሚታመን አልሆነም። በዕድሜ አነስ ባሉት ላይ የተሻለ ውጤት ታይቷል፤ ነገር ግን ዋናው ጥያቄ ሳይመለስ በአንድ ንዑስ ክፍል ላይ የታየ ውጤት ለአዲስ ጥናት መነሻ ይሆናል እንጂ ማስረጃ አይሆንም።

በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በተወላጅነት ብረታቸው ከፍ ወይም ዝቅ እንዲል የሚያደርግ ውርስ ያላቸውን ሰዎች አነጻጸረ። እዚያም ከፍ ያለ ብረት ከልብ ደም ሥር በሽታ መጨመር ጋር ሳይሆን ከመቀነስ ጋር ተያይዞ ተገኘ።

ጥያቄው ሲገለበጥ

ይህ ሁሉ ክርክር ሲካሄድ፣ ሌሎች የልብ ሐኪሞች ያንኑ መለኪያ ይዘው በተቃራኒው አቅጣጫ ይጓዙ ነበር። እነርሱ የሚያክሙት የልብ ድካም ሕሙማንን፣ ማለትም ልባቸው ደምን በበቂ ኃይል መግፋት ያቃታቸውን ሰዎች ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ የደም ማነስ ባይኖርባቸውም እንኳ ብረት ያጠራቸው ሆነው ተገኙ። የልብ ጡንቻ ያለ እረፍት የሚሠራ ሞተር ነው፤ ነዳጁን ወደ ኃይል የሚለውጡት የሴል ክፍሎች ያለ ብረት አይሠሩም።

በ2009 በታተመው ጥናት 459 ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው፣ ከፊሎቹ ብረት በደም ሥር ተሰጣቸው። ከ24 ሳምንት በኋላ በጉልህ ወይም በመጠኑ ተሻለን ያሉት ብረት ከተሰጣቸው 50 በመቶ፣ ካልተሰጣቸው 28 በመቶ ሆኑ። በ2017 በ225 ሕሙማን ላይ የተደረገ ሙከራ በአፍ የሚወሰድ ብረት የሥራ አቅምን እንደማያሻሽል አሳየ። በ2020፣ በ2022ና በ2023 በታተሙት ትልልቅ ጥናቶች በደም ሥር የሚሰጠው ብረት በሆስፒታል መተኛትንና ሞትን በመቀነስ ረገድ ያስገኘው ውጤት የተጠበቀውን ያህል አልጎላም፤ ቢሆንም የሕሙማኑን ኑሮ ለማቅለል ሕክምናው በአውሮፓ የልብ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ ቦታ አግኝቷል።

ከእነዚህ ጥናቶች በአብዛኞቹ ብረት አጥሮታል የተባለው፣ ፌሪቲኑ ከ100 በታች የሆነ፣ ወይም ከ100 እስከ 299 ሆኖ የትራንስፌሪን ሙሌቱ ከ20 በመቶ ያነሰ ሰው ነው። በኩኦፒዮ ጥናት 200 የአደጋ ወሰን ተደርጎ ተቆጥሮ እንደነበር አንባቢ ያስታውሳል። እንግዲህ 220 የሚል ቁጥር በአንዱ ወረቀት «በዝቷል»፣ በሌላው «አንሷል» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያም ለጤነኛ ጎልማሳ የእጥረት ወሰን 15 ሲሆን፣ ኢንፌክሽን ወይም መቆጣት ላለበት ጎልማሳ 70 ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ የዶክተር ሱሊቫን ሐሳብ ከንቱ ነበር ብሎ መደምደም አይገባም። ጥያቄያቸው በትክክለኛ ምልከታ ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ከዚህም በላይ ሊፈተን በሚችል መልክ የቀረበ ነበር። ፈተናው ግን እርሳቸው የተነበዩትን ውጤት አጉልቶ አላሳየም። የልኬቱ ሥራ ቀላል መሆኑ ለሐሳቡ መስፋፋት ረድቶታል፤ ያው ቀላልነት ቁጥሩ ራሱን የቻለ እውነት እንዲመስልም አድርጓል።

ስለዚህ የፌሪቲን ውጤት የተጻፈበት ወረቀት በእጁ የገባ ባልደረባችን ሐኪሙን ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፤ ደሙ በተወሰደበት ሰሞን ሰውነቴ በኢንፌክሽን ተቆጥቶ ነበርን? ጉበቴ ደኅና ነውን? የትራንስፌሪን ሙሌቴና ሄሞግሎቢኔስ ስንት ነው? በቤተሰቤ ውስጥ የብረት መብዛት በሽታ አለን? ለእነዚህ መልስ ሳይገኝ በራስ ፈቃድ የብረት እንክብል መዋጥም ሆነ ልብን ለመጠበቅ ብሎ ደም ማስወጣት፣ በዋግምትም ይሁን በመርፌ፣ ቱቦውን ብቻ አይቶ ቫልቭ እንደመክፈት ይቆጠራል።

ደም መለገስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከለጋሹ ክንድ የሚወጣው ከ200 እስከ 250 ሚሊ ግራም የሚሆን ብረት የለጋሹን ልብ እንደሚጠብቅ እስካሁን አልተረጋገጠም። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳትን እናት ወይም በመንገድ አደጋ የቆሰለን ሰው ከሞት እንደሚያድን ግን የተረጋገጠ ነው፤ ለመለገስም ይህ ምክንያት ብቻውን ይበቃል።